በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጕዳትና የተጐዳውን ሠራተኛ ወደ ሥራው ስለ መመለስ

በኢትዮጵያ አንድ ሰው በሥራ ላይ ሳለ ጣቱ ቢቈረጥ ወይም ዓይኑ ቢጠፋ ጐረቤቱና ዘመዱ «ዕድሉ ነው፤ የመጣበትን ማን ይመልሰዋል» እያለ ማጽናናቱ የቈየ ልማድ ነው። የተጐዳውን ማጽናናት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ከሹምና ከባለ ሥራ አፍ ሲወጣ ብዙ ጥፋት ያመጣል። ነገሩን ሁሉ ለዕድል የሰጠ ሰው ክዳኑ የወለቀውን መኪና፤ እግሩ የላላውን መሰላል፤ ስሙ ያልተጻፈበትን የመርዝ ዕቃ ተመልሶ አይመረምረውምና፤ ዛሬ አንዱን የጐዳው ነገር ነገ ሌላውን በዚያው ስፍራ ይጐዳዋል።

እውነቱ ግን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጕዳት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታይ ነው፤ የታየውንም ማስወገድ ይቻላል። ጕዳቱ ከደረሰ በኋላም ቢሆን ነገሩ በዚያ አያበቃም። በጊዜው የታከመ፤ ደመወዙ ያልተቋረጠበትና በዐቅሙ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ለቤቱም ለአገሩም ይጠቅማል። በቸልታ የተጣለው ግን ለራሱ ኀዘን፤ ለልጆቹ ችግር፤ ለወረዳውም ሸክም ሆኖ ይቀራል።

ይህ ጕዳይ የፋብሪካ ባለቤቶችን እንጂ እርሻን አይመለከትም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በከተማ ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራው ወጣት ብዙ ጊዜ የገበሬ ልጅ ነው። በተጐዳም ጊዜ የሚመለሰው ወደ አባቱ ማሳ ነው፤ አካሉ የጐደለ ሰው ደግሞ እንደ ቀድሞው አያርስም፤ አያጭድም። ከዚህም በቀር እርሻው ራሱ ዛሬ የተባይ መርዝና የሞተር መኪና የሚሠራበት ስለ ሆነ የፋብሪካው አደጋ ወደ ማሳው ገብቷል። የአውራጃና የወረዳ ሹማምንት፤ ሠራተኛ ቀጥረው የሚያሳርሱ ባለ እርሻዎችም ነገሩን ጠንቅቀው ማወቅ የሚገባቸው ስለዚህ ነው። ለምሳሌም ከድሬዳዋ የተሻለ ከተማ አይገኝም።

ስለ ድሬዳዋና ስለ ሥራዋ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ደጋ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ በዚያው በቆላው ላይ ጣቢያ ተሠራ፤ ድሬዳዋም በዚህ ምክንያት ተቈረቈረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ዋና መጠገኛ በድሬዳዋ ስለ ተተከለ፤ ብረት የሚያቀልጡ፤ የሚቀጠቅጡና የሚበይዱ፤ ቦይለር የሚጠግኑ ባለ እጆች ከልዩ ልዩ አገር ተሰብስበው ሥራውን ለኢትዮጵያውያን አስተማሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካና የጥጥ መፍተያና መሸመኛ ፋብሪካ ተጨመሩ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ተመረቀ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ተከፈተ።

እንግዲህ በአንዲት ከተማ ውስጥ የብረት፤ የጥጥ፤ የሲሚንቶ፤ የጭነትና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የእርሻ ሥራ ሁሉ ይገኛል። እነዚህም እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሆነ ጕዳት አላቸው።

ጕዳቱ ከምን እንደሚመጣ

የመጀመሪያው ከመኪና የሚመጣ ነው። የመኪና ቺንጋና ጥርስ እጅን የሚይዘው ክዳኑ በተነሣ ጊዜ ነው። ክዳኑ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ መኪናው ሳይቆም ለማጽዳት ወይም የተበጠሰ ፈትል ለመቀጠል ነው። የላላ ነጠላ፤ የሻሽ ጫፍና ያልታሰረ ጠጕር በመኪናው ሊያዙ ይችላሉ። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ መኪናው ሳይቆም እጅ አይገባም፤ የሚጠግነውም ሰው ሌላው እንዳያስነሣበት ማስነሻውን ቈልፎ ቍልፉን በራሱ ኪስ ይይዛል። በእርሻም የእህል መውቂያና የውሃ መሳቢያ ሞተር በዚሁ ሥርዓት ይሠራባቸዋል።

ሁለተኛው ከአቧራ የሚመጣ ነው። የጥጥ ብናኝ ለብዙ ዘመን የተነፈሰ ሠራተኛ ከዕረፍት ቀን በኋላ ሥራ ሲጀምር ደረቱን ይጨንቀዋል፤ ትንፋሹም ያጥረዋል። በሳምንቱ መካከል ሕመሙ ቀለል ስለሚል «ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ጊዜው ሲረዝም ግን ሳንባው ተጐድቶ ይቀራል። የሲሚንቶ ዱቄት ደግሞ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቈስላል፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። ብናኙን ከሚነሣበት ስፍራ በመሳቢያ ማስወጣት፤ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ አርጥቦ ማጽዳት፤ ለሠራተኛውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር መስጠት ይገባል። የሠራተኛን ሕመም ከሥራው ጋር ማገናዘብ የጥንት ትምህርት ነው። ራማዚኒ የተባለው የጣሊያን ሐኪም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1700 ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ፤ ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው አስተምሯል። ዛሬም ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሐኪም በሽታውን ሊስት ይችላል።

ሦስተኛው ከሙቀት የሚመጣ ነው። ከደጋ አገር መጥቶ በድሬዳዋ ፀሐይ ከባድ ሥራ የሚጀምር ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ቀን እንደ ነባሩ እንዲሸከም የሚገደድ ጫኝና አውራጅ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የሥራው መጠን በየቀኑ ቀስ በቀስ ይጨመርለታል፤ ከባዱ ሥራ በማለዳ ይሠራል፤ በቀትር ጥላ ይሰጣል፤ ውሃም ሳይጠማ በየሃያው ደቂቃ አንድ ኩባያ ይጠጣል። ንግግሩ የተዘበራረቀና ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለ ሠራተኛ ቢገኝ በሞት አፋፍ ላይ ነውና፤ ወዲያውኑ ወደ ጥላ ወስዶ ውሃ እያፈሰሱና እያራገቡ ማቀዝቀዝ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ማድረስ ያስፈልጋል።

አራተኛው ከተባይ መርዝ የሚመጣ ነው። በጫት፤ በአትክልትና በፍራፍሬ ላይ መርዝ የሚረጭ ገበሬ ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩና በባዶ እጁ ነው። መርዙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። ምራቅና ላብ መብዛት፤ የዓይን ብሌን መጥበብ፤ ማስመለስ፤ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ ማጠር የብዙዎቹ የተባይ መርዞች ምልክት ነው። እንዲህ የሆነውን ሰው ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፤ ሳያስመልሱት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ፤ የመርዙንም ዕቃ ከነጽሑፉ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል፤ ለዚህ ዐይነቱ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት በሐኪም እጅ አለና። ባዶው ዕቃ የመጠጥ ውሃ መቅጃ ወይም የዘይት መያዣ እንዳይሆን ተበስቶ ይወገድ። ጫት ሳይታጠብ የሚበላ ቅጠል ስለ ሆነ በላዩ የተረጨው መርዝ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን የሚበላውንም ሰው ይደርሰዋል።

ስለ አእምሮ ጕዳት

ከቍስል ሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው በዓይን የማይታየው ነው። ባልንጀራው በመኪና ሲያዝ ያየ፤ ወይም ራሱ ከሞት የተረፈ ሰው እንቅልፍ ሊያጣ፤ በትንሽ ድምፅ ሊደነግጥ፤ ወደዚያ መኪና መቅረብ ሊፈራ፤ ያለ ምክንያት ሊቈጣ ወይም ከሰው ሊለይ ይችላል። ይህ ፍርሃት ወይም ስንፍና ሳይሆን የጕዳቱ አንድ ክፍል ነው። ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ የሚሻላቸውም ቤተ ሰብና ባልንጀራ ሲቀርባቸው፤ ዕረፍት ሲያገኙና ደመወዛቸው እንደማይቀር ሲረዱ ነው። አደጋውን እየደጋገመ እንዲተርክ ማንም አያስገድደው፤ ሊናገር በወደደ ጊዜ ግን በትዕግሥት የሚሰማው ይኑረው። ከአንድ ወር በላይ ከቈየበት ወይም ስለ መሞት መናገር ከጀመረ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ወደ ጸበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት መሄዱ ከሐኪም የሚከለክለው ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ይቻላል።

ያለ አደጋም ቢሆን የሥራው አያያዝ ራሱ አእምሮን ይጐዳል። ከመጠን ያለፈ ሰዓት፤ በሰው ፊት መሰደብ፤ የዘገየ ደመወዝ፤ በልብስ መስፊያ ቤት በሌሊት ተራ ለምትሠራ ሴት ደግሞ የመንገዱ ሥጋትና የአለቃ ክፉ ጥያቄ ሠራተኛውን ያደክሙታል። የደከመ አእምሮም እጅን ያሳስታል። ድካምን በጫት ሸፍኖ ሌሊቱን መሥራት ድካሙን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም፤ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን በተለይ ሊያስብበት ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2022 እንዳስታወቁት፤ በጭንቀትና በመንፈስ መታወክ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይጠፋል።

የአንድ ሠራተኛ ንቃት የእርሱ ብቻ ጕዳይ አለመሆኑን ለመረዳት በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል በሚሄደው መሥመር ላይ ባቡሩ በመጠምዘዣው ፍጥነቱን ሳይቀንስ በማለፉ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

አደጋው በደረሰ ሰዓት ስለሚደረገው

አደጋ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጅግ የከበሩ ናቸው። የሚደማውን ቍስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፤ ሲሚንቶ ወይም ኖራ የገባበትን ዓይን ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካት በፊት ኃይሉን ማቋረጥ፤ ከከፍታ የወደቀውን አንገቱንና ጀርባውን ሳያጣምሙ በጠፍጣፋ ሳንቃ ማንሣት ማንም ሰው ሊማረው የሚችለው ነው። በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል አሉ። ሩቅ ባለው እርሻ ግን መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ የሚያደርሰው መኪና የትኛው እንደሆነ፤ ማን እንደሚነዳውም አደጋው ሳይደርስ መወሰን አለበት።

ስለ ወጌሻም ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወጌሻ በሕዝብ ዘንድ የታመነ ባለ ሙያ ነው፤ ማዋረዱም አይጠቅምም። ነገር ግን የተሰበረ እግርና እጅ በእንጨት ተጠፍሮ እጅግ ሲጠብቅ ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋውም ይሞታል። በዚህ ምክንያት ሊድን ይችል የነበረ እግር የተቈረጠበት ሰው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ብዙ ታይቷል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ የሚብስ ከሆነ፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፤ ከጠቈሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ሰውየውም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቆዳውን ቀድዶ አጥንቱ የወጣ ስብራት ከመጀመሪያውም ለሐኪም ብቻ ነው። የወረዳ ሹም ወጌሾችን ሰብስቦ ይህን ቢያስረዳቸው በአንድ ቀን ስብሰባ የብዙ ሰው እግር ያተርፋል።

ስለ ሕጉ

እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1884 የጀርመን መንግሥት ለተጐዳ ሠራተኛ የመድን ሕግ ካወጣ ወዲህ፤ የጕዳቱን ወጪ ሥራውን የሚያሠራው ይክፈል የሚለው ሐሳብ በዓለም ተስፋፍቷል። ኢትዮጵያም በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ሆናለች። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው፤ በእርሻ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራም ሠራተኛ በዚሁ ዐዋጅ ይጠበቃል።

በዐዋጁ አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው ስለ አደጋው ለሠራተኛው ማስተማር፤ መከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠት፤ አደጋውን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪ ማስታወቅ፤ ሥራውም አካልንና አእምሮን የሚጐዳ እንዳይሆን መጠንቀቅ ግዴታው ነው። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ መልበስና ጕድለት ያየበትን ነገር መናገር ይገባዋል። የሥራው ሰዓት በቀን ከ8፤ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጐዳ በቀር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለጕዳቱ ኀላፊ ነው። ግልጽ የሆነውን የጥንቃቄ ትእዛዝ መጣስና ሰክሮ ወደ ሥራ መምጣት ግን ሆን ብሎ እንደ ማድረግ ይቈጠራል። የሕክምናውን፤ የመድኃኒቱንና አስፈላጊ ሲሆን የሰው ሠራሽ አካሉን ወጪ አሠሪው ይሸከማል።

ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፈለዋል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፤ በተከታዮቹ 3 ወራት ከመቶ 75 ያላነሰ፤ በቀሩት 6 ወራት ከመቶ 50 ያላነሰ ነው። ለምሳሌ በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢታመም በመጀመሪያው ክፍል 12,000፤ በሁለተኛው 9,000፤ በሦስተኛው 12,000፤ በድምሩ 33,000 ብር ይደርሰዋል። ይህን የማያውቅ ቤተ ሰብ በሬውን ሸጦ ያሳክማል፤ የሚያውቀው ግን መብቱን ይጠይቃል። የሹሙም እርዳታ ብዙ ጊዜ ይህን ማስታወቅ ብቻ ነው።

ወደ ሥራ ስለ መመለስ

የተጐዳን ሰው «ፈጽመህ ሳትድን አትምጣ» ብሎ በቤት ማስቀመጥ ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥራና ከባልንጀሮቹ ተለይቶ የቈየ ሰው ለመመለስ ያለው ተስፋ እየቀነሰ ይሄዳል። በሌላ ወገን ሳይድን ከባድ ሸክም ማሸከም ቍስሉን ያድሳል። መካከለኛው መንገድ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ቀላል ሥራ መስጠት ነው። ጀርባውን የታመመ ጫኝ ቍጥር ያዥ፤ እጁን የተጐዳ ፈታይ ጥራት ተመልካች፤ እግሩን ያጣ ገበሬ ችግኝ አፍይና ንብ አናቢ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱም በመጀመሪያ ግማሽ ቀን ሆኖ ቀስ በቀስ ይጨመራል። አለቃው በዕረፍቱ ጊዜ ሠራተኛውን ቢጠይቀው፤ «ቦታህ ይጠብቅሃል» ቢለው ይህ ቃል የመድኃኒት ያህል ይረዳዋል። አካል ጕዳተኞች በሥራ እንዳይናቁና ሥራው ለእነርሱ እንዲመች የሚያዝዘው ዐዋጅ ቍጥር 568/2000 ይህንኑ ያጸናዋል።

ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሊፈጽሙት የሚገባ

አንደኛ፤ በወረዳው ያሉትን የሥራ ቦታዎች በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እየዞሩ መመልከት፤ ክዳን የሌለውን መኪናና በመኝታ ቤት የተቀመጠውን መርዝ ማስነሣት።

ሁለተኛ፤ የአደጋ መዝገብ ማስያዝ። በመዝገቡ የተጐዳው ሰው፤ ቀኑና ሰዓቱ፤ የተጐዳው አካል፤ ምክንያቱና ከዚያ በኋላ የታረመው ነገር ይጻፋል። መዝገቡ ጥፋተኛ መፈለጊያ ከሆነ ሁሉም ይደብቀዋል፤ ምክንያት መፈለጊያ ከሆነ ግን በአንድ ስፍራ ሦስት ጊዜ የደረሰው አደጋ ራሱ ይናገራል። ለጥቂት የዳነውም አደጋ ይጻፍ፤ የነገው አደጋ መልእክተኛ ነውና።

ሦስተኛ፤ በየሥራው ቦታ ሁለት ሰዎች የመጀመሪያ እርዳታ እንዲማሩ፤ የመድኃኒት ሣጥንም እንዲኖር ማድረግ።

አራተኛ፤ ጕድለት ያየና የተናገረ ሠራተኛ እንዳይባረር መጠበቅ።

አምስተኛ፤ የተጐዳው ሰው ወደ ቤቱ በተመለሰ በወሩ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ፤ ቍስሉን ብቻ ሳይሆን እንቅልፉንና ኀሳቡንም።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋት ነው። የመኪና ክዳን ዋጋ ከአንድ ዓመት የጕዳት ክፍያ ጋር ቢመዛዘን የትኛው እንደሚቀል ለባለ ሥራው ግልጽ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ብቻ አይደለም። ወረዳውን ዞሮ የተመለከተ፤ የተመለከተውን የጻፈ፤ የጻፈውንም ያሳረመ ሹም፤ ስማቸውን የማያውቃቸውን ሰዎች እጅና ዓይን ጠብቋል።